የቁልቁለት ኃይል፦ በኤሌክትሪክ የሚሠራ መኪና ከሞላሌ ወደ ሸዋ ሮቢት ሲወርድ

፩. የጉዳዩ መነሻ

በጥር ወር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በኤሌክትሪክ የማይሠራ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑን አስታወቀ። ከዚያ ወዲህ በአዲስ አበባ መንገዶች ላይ ድምፅ የሌለው መኪና ማየት እንግዳ ነገር መሆኑ ቀርቷል። ሰዎች ስለዚህ መኪና ሲነጋገሩ በብዛት የሚያነሡት ዋጋውን፣ የባትሪውን ዕድሜና የመሙያ ጣቢያ ማነስን ነው። የአገራችን ዳገትና ቁልቁለት በዚህ መኪና ላይ ስለሚያደርገው ነገር ግን የሚናገር ጥቂት ነው። ፋብሪካው ከመኪናው ጋር የሚልከው መጽሐፍ «አንድ ጊዜ ተሞልቶ ይህን ያህል ኪሎ ሜትር ይሄዳል» ሲል፣ በተወሰነ የፈተና ሥርዓት የተለካ ቍጥር ነው እንጂ ጣርማ በርን ወጥቶና ወርዶ የተገኘ አይደለም።

እኛም በዚህ ጽሑፍ አንድ ጥያቄ ይዘን እንነሣለን። በኤሌክትሪክ የሚሄድ መኪና ረጅም ቁልቁለት ሲወርድ ኃይሉ ወዴት ይሄዳል? ምን ያህሉስ ተመልሶ ወደ ባትሪው ይገባል? ለምሳሌነት የመረጥነው መንገድ ከመንዝ ደጋ ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላ የሚወርደውን ነው። መንገደኛው የማማ ምድር ከተማ ከሆነችው ከሞላሌ ተነሥቶ በመዘዞ በኩል ጣርማ በር ይደርሳል፤ ከዚያም በደብረ ሲና አድርጎ ሸዋ ሮቢት ይወርዳል። ሞላሌ በ3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ብርዳም ከተማ ናት። በጠላት ወረራ ዘመን ጣሊያኖች ዋሻ የፈለፈሉበት ጣርማ በርም ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ሸዋ ሮቢት ግን 1,300 ሜትር አካባቢ ትገኛለች። እንግዲህ በአንድ ሰዓት ያህል ጉዞ ውስጥ መንገደኛው ቢያንስ 1,700 ሜትር ይወርዳል ማለት ነው።

፪. ከፍታ ራሱ ጎተራ ነው

አንድ ሰው አንድ ኩንታል እህል ተሸክሞ ዳገት ቢወጣ፣ የደከመበት ጉልበት በሙሉ ጠፍቶ አይቀርም። ከፊሉ በከፍታው ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል፤ እህሉ ወደ ታች ሲወርድም ይገለጣል። ይህን የተቀመጠ ኃይል ለማስላት የዕቃውን ክብደት በኪሎ ግራም፣ ከፍታውን በሜትር ወስደን ሁለቱን እርስ በርስ እናባዛና ውጤቱን እንደ ገና በ9.8 እናበዛዋለን። የሚገኘው ቍጥር ጁል ይባላል። 3,600,000 ጁል አንድ ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል፤ ይኸውም በየቤታችን ግድግዳ ላይ ያለው ቆጣሪ የሚቈጥረው መለኪያ ነው።

ሰዎቹን ጨምሮ 1,800 ኪሎ ግራም የሚመዝን የቤት መኪና ጣርማ በር ላይ ቆሞ እንበል። ከሸዋ ሮቢት አንጻር የተቀመጠለት ኃይል 30 ሚሊዮን ጁል፣ ማለት 8.3 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ነው። ይህ ብዙ ነው ወይስ ጥቂት? ይኸው መኪና በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ቆይቶ ቢቆም፣ ፍሬኑ የሚውጠው ኃይል 250 ሺህ ጁል ብቻ ነው። ስለዚህ የጣርማ በር ቁልቁለት አንድ ጊዜ መውረድ በከተማ ውስጥ 120 ጊዜ ከመቆም ጋር እኩል ነው። ስለ ፍሬን ኃይል መመለስ የሚጻፉት ጽሑፎች አብዛኛውን ጊዜ የከተማ መብራት ላይ መቆምና መነሣትን በምሳሌነት ያቀርባሉ። ለእንደኛ ላለ አገር ግን ዋናው ነገር ቁልቁለቱ ነው።

በተለመደው ፍሬን ይህ ሁሉ ኃይል ወደ ሙቀት ይለወጣል። 12,000 ኪሎ ግራም የሚመዝን አውቶቡስ ብንወስድ፣ የሚለቀቀው ኃይል 200 ሚሊዮን ጁል ነው። በሞላሌ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ ገደማ ነውና፣ በዚህ ኃይል የ20 ዲግሪ ሙቀት ያለውን 680 ሊትር ውኃ፣ ማለት ከሦስት በርሜል በላይ፣ ማፍላት ይቻላል። ሾፌሩ በከባድ ማርሽ ካልወረደና ሁሉንም ለፍሬኑ ከተወው፣ የፍሬን ሸራው ይግላል፤ የመያዝ ኃይሉ ይቀንሳል፤ የፍሬን ዘይቱም ሊፈላ ይችላል። «ፍሬን አልይዝ አለ» የሚባለው አደጋ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። ስለዚህ የምንነጋገርበት ነገር ኃይል መቆጠብ ብቻ አይደለም፤ የሰው ሕይወትም አለበት።

፫. ሞተሩ ወደ ዲናሞ ሲለወጥ

የብስክሌት መብራት ዲናሞ ያየ ሰው ነገሩን በቀላሉ ይረዳዋል። ዲናሞው ከጎማው ጋር ሲገጠም መብራቱ ይበራል፤ ፔዳሉ ግን ይከብዳል። ብርሃኑ የመጣው ከብስክሌተኛው እግር ስለ ሆነ ነው። ማይክል ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1831 እንዳሳየው፣ ሽቦ በማግኔት መስክ ውስጥ ሲንቀሳቀስ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል። የተፈጠረው ኤሌክትሪክ የሚሄድበት መንገድ ካገኘ፣ የፈጠረውን እንቅስቃሴ ራሱን ይቃወመዋል።

የኤሌክትሪክ ሞተርና ዲናሞ በመሠረቱ አንድ መሣሪያ ናቸው። ከባትሪው ኤሌክትሪክ ሲገባለት ጎማውን ያዞራል፤ ጎማው ሲያዞረው ደግሞ ኤሌክትሪክ ያወጣል። ሾፌሩ እግሩን ከነዳጅ መስጫው (ስሙ ከቀድሞው መኪና የተረፈ ነው) ሲያነሣ፣ መቈጣጠሪያው ሞተሩን ወደ ዲናሞነት ይለውጠዋል። መኪናው ይያዛል፤ ባትሪውም ይሞላል። በድንገት መቆም ሲያስፈልግ ግን ዲናሞው ብቻውን አይበቃም። ከላይ ያልነውን 250 ሺህ ጁል በሦስት ሰከንድ ለመዋጥ ከ80 ኪሎዋት በላይ ጉልበት ያስፈልጋልና፣ የተለመደው የሸራ ፍሬን መኖሩ ግዴታ ነው። ረጅም ቁልቁለት በአንጻሩ ለዲናሞው የተመቸ ሥራ ነው፤ ኃይሉ ብዙ ቢሆንም ቀስ እያለ በአንድ ሰዓት ውስጥ የሚመጣ ነውና።

ነገሩ አዲስ አይደለም። በፓሪስ ከተማ ክሪዬገር የተባለው ሠሪ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በኤሌክትሪክ ሠረገላዎቹ ላይ ተጠቅሞበታል። የተራራ ባቡሮችም ከጥንት ጀምሮ ያውቁታል። በአገራችን በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡርና በመስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢትዮ ጅቡቲ ባቡር በኤሌክትሪክ የሚሠሩ ናቸው። የኋለኛው ከመሐል አገር ደጋ እስከ ባሕር ዳርቻ 750 ኪሎ ሜትር ገደማ ይወርዳል፤ መስመሩም 25,000 ቮልት የተሸከመ ነው። ባቡር በራሱ ላይ የተዘረጋ ሽቦ ስላለው፣ አንዱ ሲወርድ የሚያወጣውን ኤሌክትሪክ ሌላው ሲወጣ ሊጠቀምበት ይችላል። ሽቦ የሌለው መኪና ግን ጎተራውን አብሮ ይዞ መዞር አለበት።

፬. ስለ ጎተራው ዓይነት

ኃይልን በመኪና ላይ ለማጠራቀም ብዙ መንገድ ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በስዊትዘርላንድ የኦርሊኮን ፋብሪካ የሠራው አውቶቡስ ባትሪ አልነበረውም። 1,500 ኪሎ ግራም የሚመዝን የብረት መንኰራኵር በሆዱ ይዞ፣ በየጣቢያው በኤሌክትሪክ እያሽከረከረ፣ የመንኰራኵሩን መሽከርከር መልሶ ወደ ኤሌክትሪክ እየለወጠ ይሄድ ነበር። ይህ አውቶቡስ በአፍሪካም፣ በዛሬይቱ ኪንሻሳ፣ ለጥቂት ዓመታት ሠርቷል። ክብደቱና ቶሎ ቶሎ መሙላት ማስፈለጉ ግን እንዳይስፋፋ አደረጉት።

በየመኪናው ሞተር ማስነሻ የምናውቀው የእርሳስ ባትሪ በአንድ ኪሎ ግራም ከ30 እስከ 40 ዋት ሰዓት ይይዛል። እ.ኤ.አ. በ1991 ለገበያ የቀረበው የሊቲየም ባትሪ እንደ ዓይነቱ ከ100 እስከ 250 ዋት ሰዓት ይይዛል። ለዚህ ሥራ መሠረት የጣሉት ጉድኢናፍ፣ ዊቲንግሃምና ዮሺኖ እ.ኤ.አ. በ2019 የኖቤልን ሽልማት ተቀብለዋል። ካፓሲተር የሚባለው ደግሞ በጣም ፈጥኖ ይቀበላል፣ ፈጥኖም ይሰጣል፤ የሚይዘው ግን በአንድ ኪሎ ግራም 5 ዋት ሰዓት ገደማ ብቻ ስለ ሆነ ለጥቂት ሰከንድ ፍሬን እንጂ ለአንድ ሰዓት ቁልቁለት አይበቃም። ስለዚህ ለእኛ ጉዳይ የሚስማማው ሊቲየም ነው።

፭. የሒሳቡ ውጤት

አሁን ወደ መንገዱ እንመለስ። ከጣርማ በር እስከ ሸዋ ሮቢት ያለውን ርቀት 45 ኪሎ ሜትር፣ ፍጥነቱን በሰዓት 45 ኪሎ ሜትር፣ ባትሪውን 50 ኪሎዋት ሰዓት አድርገን አስልተናል። በዚህ ርቀት የጎማው መፋተግና የነፋሱ መቃወም በድምሩ 3.2 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይወስዳሉ። በሞተሩ፣ በጥርሱና በባትሪው መካከል ሲተላለፍ ከሚሄደው ኃይል ከመቶ 80 ያህሉ ይደርሳል ብለናል።

ሲወርድ፦ ከ8.3 ኪሎዋት ሰዓት ላይ 3.2ቱ ለመንገዱና ለነፋሱ ይሄዳል። 5.1 ይተርፋል፤ ከዚህም 4 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ባትሪው ውስጥ ይገባል።

ሲወጣ፦ 8.3ና 3.2 ተደምረው 11.5 በጎማው ላይ ያስፈልጋሉ። ይህን ለመስጠት ከባትሪው 14 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይወጣል።

በሜዳ ላይ፦ ያው 45 ኪሎ ሜትር ከባትሪው የሚወስደው 4 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ብቻ ነው።

ከዚህ ሦስት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ የሚመለሰው 4 ከወጣው 14 ጋር ሲነጻጸር ከሢሶ በታች ነው። «ሲወርድ ራሱን ይሞላል» ማለት «ከክፍያ ነጻ ይሄዳል» ማለት አይደለም። ሁለተኛ፣ ደርሶ መልሱን በሙሉ ብናየው መኪናው 10 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል። በሜዳ ላይ ያለው ደርሶ መልስ 8 ነው፤ ኃይል የማይመልስ መኪና ቢሆን ደግሞ 14 ይፈጅ ነበር። ስለዚህ ተራራው የሚያስከፍለው ትርፍ ከ6 ወደ 2 ይወርዳል፤ ከግብሩ ሦስት እጅ ሁለቱ ተማረ ማለት ነው። ሦስተኛ፣ ዳገቱ ከሜዳው ከሦስት እጥፍ በላይ ይበላል። ሸዋ ሮቢት ላይ ባትሪው ከመቶ 40 አለኝ ብሎ የሚነሣ ሾፌር ጣርማ በር ሲደርስ የሚቀረው ከመቶ 12 ገደማ ነው። ይህን ሳያውቅ የሞላሌን መንገድ ቢጀምር በብርድ ሜዳ ላይ ሊቆም ይችላል።

የጭነቱ አቅጣጫም ዋጋ አለው። በስዊትዘርላንድ ከተራራ ላይ ድንጋይ የሚያወርድ አንድ ትልቅ የኤሌክትሪክ ገልባጭ መኪና አለ። 45 ቶን ሆኖ ባዶውን ይወጣል፤ 65 ቶን ጨምሮ ይወርዳል። ወርዶ የሚያገኘው ለመውጣት ከሚፈልገው አያንስም። የመንዝ በግና ገብስ ጭኖ ወደ ቆላ የሚወርድ መኪናም ሲመለስ የሚጭነው ከቀለለ፣ በዚያው ልክ ይጠቀማል። ቆርቆሮና ሲሚንቶ ጭኖ የሚመለስ ግን ሒሳቡ ይገለበጥበታል።

፮. የሞላ ጎተራና የውርጭ ጧት

እስከ አሁን ባትሪው የመጣለትን ሁሉ ይቀበላል ብለን ነበር። እውነቱ ግን እንዲህ አይደለም። ባትሪው እምቢ የሚልበት ሁለት ጊዜ አለ።

አንደኛው ሲሞላ ነው። አፉ ድረስ የሞላ ጎተራ ላይ እህል ቢያፈሱበት መሬት ይፈሳል። ባትሪው ሲሞላ በእያንዳንዱ ክፍል ላይ ያለው ቮልት ወደ መጨረሻው ወሰን ይደርሳል። ከዚያ በላይ ቢገባበት ይጎዳል፤ ሊቃጠልም ይችላል። ስለዚህ መቈጣጠሪያው ዲናሞውን ይከለክለዋል።

ሁለተኛው ብርድ ነው። ባትሪው ሲሞላ ሊቲየሙ በካርቦኑ ንጣፎች መካከል ይገባል። ቅዝቃዜው ወደ ዜሮ ዲግሪ ሲጠጋና ከዚያ ሲያንስ ይህ መግባት ይዘገያል። በግድ ቢሞላም ሊቲየሙ ገብቶ በመደርደር ፈንታ በላዩ ላይ እንደ ብረት ይለጠፋል፤ ባትሪውም አቅሙን ያጣል። መቈጣጠሪያው ይህንንም ለመከላከል የሚመለሰውን ኃይል ይቀንሳል፣ ወይም ያቋርጣል። በኅዳርና በታኅሣሥ የመንዝን ውርጭ ያየ ሰው ይህ ተረት እንዳልሆነ ያውቃል።

አደገኛው ነገር ሁለቱ ምክንያቶች አብረው መምጣታቸው ነው። መኪና የሚሞላው ብዙ ጊዜ ሌሊት ነው፤ ጧት ሲነሡ ሙሉ ነው፣ ቀዝቅዞም ያደረ ነው። ስለዚህ ሾፌሩ የዲናሞውን መያዝ ከሁሉ ይልቅ በሚፈልግበት በገደሉ አፋፍ ላይ፣ ባትሪው ለመቀበል ከሁሉ ያነሰ ዝግጁ ይሆናል። እግሩን አንሥቶ መኪናው በራሱ ሲያዝለት የለመደ ሾፌር በዚያ ጧት መኪናው ሳይያዝለት ይንደረደርበታል። አንዳንዱ መኪና የሸራውን ፍሬን በራሱ ይተካለታል፤ ሌላው ማስጠንቀቂያ ብቻ ያሳያል። በሁለቱም ጊዜ ቁልቁለቱን በሙሉ የሚሸከመው ሸራው ይሆናል። የኤሌክትሪክ መኪና በባትሪው ምክንያት ከእኩያው ይከብዳል፤ ወደ ታች የሚቀየር ማርሽም አብዛኛውን ጊዜ የለውም። ስለዚህ ሸራው ላይ የሚያርፈው ሸክም ከነዳጁ መኪና ይበልጣል።

፯. የመሙያ ጣቢያ የት ይተከል?

በሜዳ አገር የመሙያ ጣቢያ የሚተከልበትን ቦታ የሚወስነው ርቀት ነው። በእኛ አገር ግን ከርቀቱ ጋር ከፍታውም መቈጠር አለበት እንላለን።

የመጀመሪያው ቦታ የዳገቱ ግርጌ ነው፤ በዚህ መንገድ ሸዋ ሮቢት። በዚያ ቆላው ሞቃት ነው፣ ከፊት ያለውም ዳገት ነውና፣ ሙሉ አድርጎ መነሣት ምንም ጉዳት የለውም። ሁለተኛው ቦታ ከገደሉ አፋፍ ራቅ ያለው ደጋ ነው፤ እንደ ሞላሌና እንደ ደብረ ብርሃን ያለ። ከሞላሌ የተነሣ መኪና ጣርማ በር እስኪደርስ ጥቂት ኃይል ስለሚያወጣ በጎተራው ውስጥ ቦታ ያገኛል፤ ባትሪውም በሥራ ይሞቃል። ለጥንቃቄ ግን የማያስተማምነው ቦታ አፋፉ ራሱ ነው። በአፋፉ ላይ አድሮ ሞልቶ ወዲያው ወደ ቆላ የሚወርድ መኪና ከላይ የተናገርነው አደጋ ይጠብቀዋል። በአፋፍ ላይ ጣቢያ መትከል ግድ ከሆነም፣ ወደ ቆላ ለሚወርደው የሚያስጠነቅቅ ሰሌዳ ሊኖረው ይገባል።

መጠኑን በቍጥር እንግለጠው። ለቤት መኪናው ከቁልቁለቱ የሚገባው 4 ኪሎዋት ሰዓት ከ50 ላይ ከመቶ 8 ነው። ይህን ለጥንቃቄ እጥፍ ብናደርገው፣ በአፋፉ ላይ ከመቶ 85 በላይ አለመሙላት ይበቃል። ለ12 ቶን አውቶቡስ በተመሳሳይ ስሌት ከ30 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ይገባል። ባትሪው 200 ኪሎዋት ሰዓት ቢሆን ከመቶ 16 ነውና፣ ከመቶ 75 ላይ ማቆም ይሻላል። በብርድ ወራት ደግሞ መሙላቱ በመነሻው ሰዓት ላይ እንዲያልቅ ቢደረግ፣ ባትሪው በመሙላቱ ሞቆ ይነሣል። ከሁሉ በላይ ግን ኃይል የሚመልስ መኪና ሸራው እምብዛም ስለማይሠራ «አያልቅም» ተብሎ ሊረሳ አይገባም። አንድ ቀን ሥራው በሙሉ በእርሱ ላይ ሊወድቅ ይችላልና።

ይህ ስሌት ለጣርማ በር ብቻ የሚያገለግል አይደለም። ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን የሚያቋርጠው የዓባይ ሸለቆ ከ1,000 ሜትር በላይ ወርዶ መልሶ የሚወጣ ነው። ከመንዝ በስተ ምዕራብ ያለው የጀማ ሸለቆም እንዲሁ ነው። በእነዚህ ስፍራዎች አፋፉ ላይ ቦታ የተወለት ባትሪ፣ ሸለቆውን ወርዶ ያገኘውን ወዲያው ለማዶው ዳገት ያውለዋል።

፰. መደምደሚያ

የመንዝ ደጋ ምዕራባዊ ዝናብ በጀማ አድርጎ ወደ ዓባይ ይገባል። በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ኤሌክትሪክ የሚያወጣውም ውኃ ከከፍታ ሲወርድ ነው። የሚወርደው መኪና ኃይልም ሕጉ ያው ነው፤ ክብደትና ከፍታ ነው። ልዩነቱ ግድቡ ውኃው ሲበዛ የሚያፈስበት በር ያለው መሆኑ ነው። መኪናው ትርፉን የሚያፈስበት ሸራው ብቻ ነው። እንግዲህ በደጋ አገር ባትሪን የሚሞላ ሰው የሚጠይቀው ጥያቄ «ስንት አለኝ?» ብቻ ሳይሆን «ከፊቴ ያለው ዳገት ነው ወይስ ቁልቁለት?» የሚል ጭምር ሊሆን ይገባል።

ቍጥሮቻችን በወረቀት ላይ የተሰሉ ናቸው። በዚህ መንገድ በኤሌክትሪክ መኪና የሚመላለሱ ተማሪዎችና መምህራን በሸዋ ሮቢት፣ በደብረ ሲና፣ በጣርማ በርና በሞላሌ የባትሪውን መጠን፣ የተሳፋሪውን ብዛትና የአየሩን ቅዝቃዜ ጽፈው ቢያመጡልን፣ ስሌቱን ከመንገዱ ጋር ለማስተያየት እንችላለን። በዚህም ጉዳይ የሚሰጠንን እርምትና ሐሳብ በደስታ እንቀበላለን።